ቁራኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት፥ ማለትም በመፃጉዕ፥ መምህራን በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ስለ ተኛው በሽተኛ ሲያስተምሩን «የአልጋ ቁራኛ» የሚለውን ቃል ሳይጠሩ አያልፉም። ቃሉ ከዚያም ውጭ በየቤታችን አለ። ጎረቤት በጠና ሲታመም፥ በእድር ስብሰባ ላይ ስለ አንድ አረጋዊ ሲነገር፥ «እገሌ እኮ የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ይባላል። እኛም በጥናት ክፍላችን «ለመሆኑ ቁራኛ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ አንሥተን ነበር። አብዛኛው «በሽተኛ» ሲል መለሰ። አንዳንዱ ደግሞ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚባለውን አስታውሶ «ጠባቂ ማለት ነው» አለ። ሁለቱም መልስ ከዕለት ንግግራችን የተገኘ ነውና ውድቅ አይደረግም። ነገር ግን አንድ ቃል የሚጠበቀውንም የሚጠብቀውንም እንዴት ሊጠራ ይችላል? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይህ ጥያቄ ነው።

ቁራኛ በጥንቱ ትርጉሙ የእስራት ቃል ነው። ዘመናዊ ፍርድ ቤትና ፖሊስ በአገራችን ሳይስፋፋ፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ጥቂት ጊዜ ድረስ፥ ከሳሽና ተከሳሽ፥ ይልቁንም አበዳሪና ባለዕዳ፥ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰሩ ነበር። የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ በባለዕዳው ክንድ ላይ፥ ሌላው ጫፍ በአበዳሪው ክንድ ላይ ነው። ጉዳዩ ቀለል ያለ እንደ ሆነ ሰንሰለት አያስፈልግም፤ ሁለቱ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ሰንሰለቱ ከገባ ግን ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውላሉ፥ አብረው ያድራሉ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ሌሊት ሲነሣ ሌላው ይነሣል። ይህ ነው መቆራኘት። በዚያ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ነገሩ ቢደንቃቸው ጽፈውታል፥ ፎቶግራፍም አንሥተውታል። በእውነቱም ሰንሰለቱን ብቻ ለሚመለከት፥ ከሁለቱ የትኛው ባለዕዳ የትኛው አበዳሪ እንደ ሆነ የሚለይበት ምልክት የለም።

እንዲህ ያለ ልማድ ከምን መጣ ቢሉ ምክንያቱ ቀላል ነው። እስር ቤት ግንብ ይፈልጋል፥ ዘበኛ ይፈልጋል፥ ለእስረኛው እንጀራ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በየአገሩ አልነበረም። ወህኒ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው በጎንደር ነገሥታት ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከወኅኒ አምባ ነው። ለተራው ሰው አምባ አልተዘጋጀለትም፤ ለእርሱ ግንቡም ዘበኛውም ባላጋራው ነበር። ባለዕዳው እንዳይጠፋ ከአበዳሪው ይበልጥ የሚተጋ ማን ይገኛል?

እንግዲህ ጥያቄያችን ወዲህ ነው። ሰውን አስሮ የያዘ ሰው ራሱ ነጻ ነውን?

ያን ጊዜ መልሱ ማሰብ የሚጠይቅ አልነበረም፤ በክንዱ ላይ ይታይ ነበርና። አበዳሪው ባለዕዳውን ይዞ ሳለ እርሻው ዳዋ ይበላዋል፥ ገበያው ያልፈዋል፥ ሚስቱ ለብቻዋ ትውላለች። ባለዕዳው በታመመ ጊዜ አስታማሚው እርሱ ነው። ማሰር የሚፈልግ ሰው ለመታሰር ቆርጦ መነሣት ነበረበት። በዛሬው ጊዜ ይህ ሁለተኛው ጫፍ ከዓይን ተሰውሯል። ከሳሽ አመልክቶ ወደ ቤቱ ይገባል፥ ሰንሰለቱንም መንግሥት ይይዝለታል። እኛ ወደ ቁራኛ ዘመን ይመለስ አንልም፤ ጉልበተኛ ድኻውን በሰንሰለት ሲጎትት የሚውልበት ልማድ መቅረቱ ደግ ነው። ነገር ግን የቀረው ልማዱ ነው እንጂ እውነቱ አልቀረም። አሳሪ መታሰሩን የሚያይበት ነገር አጣ እንጂ ከመታሰር አልዳነም።

ይህን አሳብ በክፍላችን ስናወጣ ስናወርድ አንዲት እኅታችን ብርቱ መቃወሚያ አቀረበች። «ጥሮ ግሮ ያገኘውን ገንዘብ የተቀማ ሰው ምን በድሎ ነው የሚታሰረው? አንድ ጊዜ በቀማኛው ተጎዳ፤ ሁለተኛ ደግሞ ከቀማኛው ጋር አብሮ በመታሰር ተጎዳ። እናንተ ግን ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ታወሩታላችሁ። ደግሞስ ለተበደለች ሴት፥ ይቅር ካላልሽ እስረኛዋ አንቺ ነሽ ብሎ መንገር በደል ላይ በደል መጨመር አይደለምን?» አለች። ይህ መቃወሚያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በየሽምግልናው የሚሰማ ነገር ነውና። የተደበደበችው ትጠራለች፥ ሽማግሌዎቹ ስለ ይቅርታ ይነግሯታል፥ ልቧን እንድታሰፋ ይመክሯታል፤ የደበደበው ሰው ግን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠየቅ ተመልሶ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለው ነገር ዕርቅ ተብሎ ቢጠራም ዕርቅ አይደለም። ሰንሰለቱ ከእርሱ እጅ ተፈትቶ በሁለቱም ጫፍ ከእርሷ እጅ ላይ ታሰረ ማለት ነው።

ስለዚህ ቃሉን እንደ ገና መመርመር ግድ ሆነብን። ስንመረምረውም አስቀድሞ ያላስተዋልነው ነገር አገኘንበት። የቁራኛ ሰንሰለት ቅጣት አልነበረም፤ መንገድ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የተቆራኙት እንደ ተቆራኙ ሊኖሩ አይደለም፤ ዳኛ ፊት ሊቆሙ ነው፤ ከዳኛ በኋላም ዕዳው ተከፍሎ ሊለያዩ ነው። ያን ጊዜ ዳኛ ለማግኘት ችሎት የተሠራበት ከተማ መግባት እንኳ ግድ አልነበረም። መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆሙታል፤ እርሱም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ክርክራቸውን ይሰማል፥ ከቻለ ያስማማቸዋል፥ ካልቻለ ወደሚበልጠው ዳኛ ይሰዳቸዋል። ሁለቱም ታስረዋልና ሁለቱም ይቸኩላሉ። የተበደለው ሰው የታሰረው ስለ በደለ ሳይሆን ጉዳዩን እስከ ፍጻሜ ለማድረስ ስለ ፈለገ ነው፤ በደሉ ተመዝኖ ዋጋው ሲታወቅ እጁ ይፈታል። ማንም «ዕዳው የለም» ብሎ ሰንሰለቱን አይበጥስበትም።

ለእኅታችን ጥያቄ መልስ ሊሆን የሚችለው ይህ ይመስለናል። ቂም ቁራኛ ነው፤ ይሁን እንጂ የዳኛውን ቤት መንገድ የረሳ ቁራኛ ነው። ቂመኛ ሰው የበደለውን ሰው ጎትቶ ወደ ምንም አያደርሰውም። በልቡ አስሮት አብሮት ይበላል፥ አብሮት ይተኛል፥ ቅዳሴም አብሮት ይቆማል። የበደለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ መታሰሩን እንኳ አያውቅም፤ ምናልባት በሌላ ከተማ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ይሆናል። ቢሆንም ለተበደለው የሚያስፈልገው ዕዳውን መካድ አይደለም። የሚያስፈልገው መንገድ ነው። ዳኛ የሚያሻው በደል ወደ ዳኛ፥ ሽማግሌ የሚያሻው ወደ እውነተኛ ሽማግሌ፥ በምድር ዳኛ የማይገኝለትም እርሱ ወደሚፈርድበት ወደ እግዚአብሔር ዙፋን ይወሰድ። ይቅርታ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ሳይሄዱበት ከደጅ ቢጠይቁት ግን ለተበደለው ሸክም ይሆንበታል። እኅታችን በዚህ መልስ ሙሉ በሙሉ አልረካችም፤ መንገዱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚሄድበት ብቻ ያውቃል ትላለች። እኛም ከዚህ የተሻለ የምንላት የለንም።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ቁራኛዎች አሉ። በሐዋርያት ሥራ 12ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቶ ሳለ የጌታ መልአክ መጥቶ ሰንሰለቱን ከእጁ አወደቀለት። ይህን ታሪክ ስንሰማ ደስ ብሎን ከጴጥሮስ ጋር በተከፈተው የብረት በር እንወጣለን። ታሪኩ ግን ወደ ወኅኒው ተመልሶ አንድ ነገር ይነግረናል፤ በነጋ ጊዜ ሄሮድስ ጠባቂዎቹን መርምሮ እንዲገደሉ አዘዘ። የእስረኛው ሕይወት ከጠባቂዎቹ ሕይወት ጋር ታስሮ ነበርና። ሰንሰለቱ ከጴጥሮስ እጅ ሲወድቅ ከእነርሱ አንገት አልወደቀም። እነዚያ ወታደሮች ስማቸው አልተጻፈም፤ ስለ እነርሱም ሲሰበክ ብዙ አንሰማም። ታዝዘው የሚያስሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው እስራት እንዲያስቡ ሊያደርግ የሚችል ከዚህ የበለጠ ታሪክ አናውቅም።

ከአራት ምዕራፍ በኋላ ደግሞ ሌላ ጠባቂ እናገኛለን። በፊልጵስዩስ ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው ከግንድ ጋር ተጠርቆ ሳለ በእኩለ ሌሊት ምድር ተናወጠች፥ ደጆች ተከፈቱ፥ የሁሉም እስራት ተፈታ። የወኅኒው ጠባቂ ነቅቶ በሮቹን ክፍት ባየ ጊዜ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ሰይፉን መዝዞ ራሱን ሊገድል ተነሣ። የሄሮድስ ወታደሮች ምን እንዳገኛቸው ያነበበ ሰው ለምን ራሱን ሊገድል እንደ ተነሣ ለመረዳት አይቸግረውም። በዚያች ሰዓት ከሁለቱ እስረኛው ማን ነበር? ጳውሎስ በታላቅ ድምፅ ጮኾ ሁሉም በቦታቸው እንዳሉ ነገረው፥ ራሱንም እንዳይጎዳ ከለከለው። በሩ ተከፍቶለት ሳለ ያልወጣው እስረኛ ጠባቂውን ፈታው። ጠባቂውም በዚያው ሌሊት ቁስላቸውን አጠበላቸው፥ ከቤተ ሰቡም ጋር ተጠመቀ፥ ማዕድ አቀረበላቸው። አንድ ሰንሰለት ሁለት ጫፍ ካለው ከየትኛውም ጫፍ ሊፈታ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ስለ መፍታት ካነሣን ዘንድ ቋንቋችን ያስቀመጠልንን ነገር ማለፍ አይገባም። በግእዝ «ፈትሐ» ማለት ፈታ ማለት ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ይህን ያገኛል። ስለዚህ ፍትሕ ስንል የምንናገረው ስለ መፍታት ነው። ካህኑን «አባ ይፍቱኝ» የምንልበት ቃል፥ ለሞተው የሚደረሰው ጸሎተ ፍትሐት፥ ፍትሐ ነገሥት የተባለው የሕግ መጽሐፍ፥ ከእስር ቤት የወጣው ሰው «ተፈታ» የሚባልበትም ቃል፥ ሁሉም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። አባቶቻችን ፍርድን የጠሩት በማሰር አይደለም። ዳኛ ጥፋተኛውን ቢያስር እንኳ የተቋጠረውን ነገር ስለሚፈታ ነው ዳኛ የተባለው፤ ነገሩን ሳይፈታ ሰውየውን ብቻ የሚያስር ከሆነ ስሙን አጥቷል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚጠይቀውን የመንገድ ጊዜ ግን አይቆጥርበትም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ስለ ቁራኛ ማሰባቸውን አናውቅም፤ ዳሩ ግን ያው የጥንቱ አሳብ ነው። መያዝ ወደ ዳኛ የሚወስድ መንገድ እንጂ መኖሪያ እንዳይሆን ቁርጥ ያለ ሰዓት ተቀመጠለት። ቀጠሮው በቀጠሮ ላይ ሲጨመር፥ ወሩ ዓመት ሲሆን፥ ሰንሰለቱ መድረሻውን ያጣል። ያን ጊዜ ከእስረኛው ጋር ሌሎችም ይታሰራሉ፤ ስንቅ ይዛ በየሳምንቱ የምትመላለሰው እናት፥ ከትምህርት ገበታው ቀርቶ ሥራ የሚገባው ታናሽ ወንድም። እስር ቤት ሄደን ስንቅ ስናቀብል በበሩ ላይ የሚጠብቁትን ሰዎች አይተናል። በውስጥ ካሉት ሰዎች ቁጥር እነርሱ ይበዛሉ። እግረ መንገዳችንን የምንለው አንድ ነገር አለ፤ እስረኛን የሚጎበኝ ሰው በአማርኛችን «ጠያቂ» ይባላል። አንዳንዱ ጠያቂ ግን ቃሉን በሌላ ፍቺው ወስዶት «ምን አድርገህ ነው?» ብሎ ምርመራ ይጀምራል። ለዚያ ሌላ ሰው ተመድቦለታል።

«ዓይነ ቁራኛ» ስለሚባለው ብዙ አንልም። ሰንሰለቱ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ የቀረበት ነው። ወላጅ ልጁን፥ አለቃ ሠራተኛውን፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ አጥቢያ ያለ አገልጋይ ሌላውን አገልጋይ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃል። የሰውን ስሕተት ሲጠብቅ የሚውል ሰው የራሱን ቀን አይኖርም። ለወላጆች ግን ፍርዳችንን እናለዝባለን፤ የእነርሱ ዓይን የሚነቃው ፍቅር እንቅልፍ ስለ ነሣቸው ነው።

ወደ አልጋው እንመለስ። የአልጋ ቁራኛ ሲባል በሽተኛው ከአልጋው ጋር ተቆራኘ ማለት ነው፤ አልጋው አበዳሪ፥ በሽተኛው ባለዕዳ ሆኖ። ይህ አነጋገር አንድ ሰው ይረሳል። በዚያ ቤት ከአልጋው ጋር የታሰሩት ሁለት ናቸው። እናቷን የምታስታምም ልጅ አለች። ገላዋን ታጥባታለች፥ ታገላብጣታለች፥ በጉርሻ ታበላታለች፥ ሌሊት በድምፅዋ ትነቃለች። ከሥራ ቀርታ ይሆናል፥ ሊያገባት የነበረው ሰው መጠበቅ ሰልችቶት ይሆናል። ከሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብርም ስትቀር «እገሊት ጠፋች» ተብሎ በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግባታል። እርሷ ግን አልጠፋችም፤ ያለችበት ይታወቃል፤ ከዚያ አልጋ ከአሥር እርምጃ አትርቅም።

ይህች ልጅ ሰንሰለቱን ልትፈታው ትችላለች፤ በሩ ክፍት ነው። እንደ ጳውሎስ በተከፈተ በር ውስጥ የቀረች እስረኛ ናት። ከዚሁ ከመቆራኘት ሌላ ቃል ወጥቷል፤ «ቁርኝት» እንላለን፥ ጥብቅ ፍቅርና ዝምድናን ስንናገር። የብረቱ ነገር ተረስቶ መተሳሰሩ ብቻ የቀረበት ቃል ነው። ሆኖም ይህን መልካም ቃል ለአስታማሚዋ መስጠት ለእኛ እንዳይቀልብን እንፈራለን። «ታድለሽ፥ የእናትሽን ምርቃት ታገኛለሽ» ብሎ ሻይ ጠጥቶ መሄድ ቀላል ነው። ምርቃት ማግኘቷ እውነት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሌሊት አለመተኛቷም እውነት ነው። የፍቅር ሰንሰለትም ክንድ ይልጣል።

መፃጉዕ ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው ስለ ሕመሙ አልመለሰም። ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረው። 38 ዓመት ሙሉ አልጋ ነበረው፤ በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ግን ሰው አልነበረም። ያቺ ልጅ ለእናቷ የሆነችላት ለእርሱ ያጣው ነው። ለእርሷ ደግሞ ማን አላት ብለን ስንነጋገር፥ በየወሩ ሕሙማንን ለመጠየቅ የምንወጣበትን ተራ ለማስተካከል ተስማምተናል። እስከ ዛሬ የምንሄደው ከቅዳሴ በኋላ፥ ከሰዓት በፊት ነበር፤ ጸሎት አድርሰን እንመለሳለን። ከእንግዲህ ሁለት ሁለት እየሆንን ገና ኪዳን ሳይደርስ በጠዋት ገብተን ከአልጋው አጠገብ እንቀመጣለን። በዚያ ሰዓት አስታማሚዋ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ወይም ከፈለገች ጓዳ ገብታ ትተኛለች። የትኛውን እንደምታደርግ አንጠይቃትም። ተራ ለመያዝ የምትፈልጉ ስማችሁን ለክፍሉ ጸሓፊ ስጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።